የኦንላይን ጌም ገበያ ስንት ያወጣል? ስሌቱን የሚያበላሹ ስህተቶች

አዲስ ጌም ለመሥራት ያሰበ ሰው ገንዘብ ፍለጋ ሲወጣ ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ገበያው ምን ያህል ነው?» የሚል ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ይወሰዳል። ስላይድ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ቁጥሩ በቢሊዮን ዶላር ስለሆነ ያስደንቃል፣ ከየት እንደመጣም የሚጠይቅ አይገኝም። ከዚያ ሰው ይቀጠራል፣ በጀት ይመደባል፣ የአንዳንዱ ቁጠባ ሁሉ ይገባበታል። ስሌቱ ከተሳሳተ የሚጎዱት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩን ቀለል ያሉ የኦንላይን ጌሞችን ይዘን ረጋ ብለን እንየው።

ቀለል ያሉ ጌሞች የምላቸው ሕጋቸው በደቂቃዎች የሚለመድና በትርፍ ጊዜ የሚነካኩትን ነው። ከረሜላ የሚያዛምዱ፣ ቃል የሚያስገምቱ፣ ካርታ የሚያስደረድሩ፣ እርሻ የሚያሳርሱ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚለካውን ሳይወስኑ መለካት

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ገበያ ተነጋግረው በእጥፍ የተራራቀ ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሳይዋሹ። አንደኛው በምናባዊ ገንዘብ የሚጫወቱትን ቁማር መሰል ጌሞች ጨምሯቸዋል፣ ሌላው አውጥቷቸዋል። አንዱ ብራውዘር ላይ የሚጫወተውን ብቻ ቆጥሯል፣ ሌላው ስልኩንም ደምሯል። ካንዲ ክራሽ ሳጋ በኤፕሪል 2012 ፌስቡክ ላይ ወጣ፣ በኖቬምበር ደግሞ ስልክ ላይ ገባ። ያው ሰው ቀን ኮምፒውተር ላይ የጀመረውን ማታ ስልኩ ላይ ይቀጥላል። ታዲያ ይህ ተጫዋች የኮምፒውተር ጌም ገበያ ነው ወይስ የስልክ? የትኛውንም መምረጥ ይቻላል። ግን ከስሌቱ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፦ የትኛው ዓይነት ጌም፣ በየትኛው መሣሪያ፣ በየትኞቹ አገሮች፣ በየትኛው ዓመት፣ የማን ገንዘብ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ትርጉም የለውም።

ተጫዋቹን ሁሉ ከፋይ ማድረግ

ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፣ ብዙ ገንዘብ የሚያስከስረውም እሱ ይመስለኛል።

የካንዲ ክራሽ ባለቤት የነበረው ኪንግ በ2014 አክሲዮኑን ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ለመሸጥ ሲዘጋጅ የውስጥ ቁጥሮቹን ይፋ ማድረግ ነበረበት። በ2013 የመጨረሻ ሦስት ወራት ጌሞቹን በየወሩ 304 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይጫወቱ ነበር። ከነሱ ውስጥ ገንዘብ የሚያወጡት 12.2 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከመቶ አራት ሰው ማለት ነው። እነዚህ ከፋዮች እያንዳንዳቸው በወር በአማካይ 17 ዶላር ያህል ያወጣሉ።

አሁን 17 ዶላሩን በ304 ሚሊዮኑ እናባዛ። በዓመት ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል። የኩባንያው የ2013 እውነተኛ ገቢ ግን 1.88 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እንዲህ ሰፊ ክፍተት የፈጠረው አንዲት ቃል ናት፦ «ተጫዋች» በሚለው ቦታ «ከፋይ» መግባት ነበረበት። 17 ዶላሩ የከፋዮች አማካይ እንጂ የሁሉም አይደለም። ለሁሉም ተጫዋች ሲካፈል በወር ከአንድ ዶላር በታች ይሆናል።

«ያ የኪንግ ነው፣ የኛ ጌም ይለያል» የሚል አይጠፋም። ሊለይ ይችላል። ሆኖም የከፋዮች ማነስ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቀለል ያሉ የኮምፒውተር ጌሞች ዳውንሎድ ተደርገው ለአንድ ሰዓት በነጻ ይሞከሩ ነበር፤ ከዚያ 20 ዶላር ገደማ ይጠየቅባቸዋል። ያን ጊዜም ሞክረው የሚገዙት ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ነበሩ። የአከፋፈሉ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፣ ያለ ክፍያ የሚያልፈው ብዙኃን ግን ያው ነው። ከከፋዮቹም መሐል ጥቂቶች የገቢውን ትልቅ ድርሻ ይሸከማሉ። ስለዚህ በወር 17 ዶላር የሚለው አማካይም ቢሆን አንድን ተራ ከፋይ በትክክል አያሳይም።

ብዙ ሰው ተጫውቶት ምንም የማያስገባ ጌምም አለ። ዎርድል የተባለው የቃል ጌም በ2022 መጀመሪያ በየቀኑ ሚሊዮኖች ይጫወቱት ነበር። ማስታወቂያ አልነበረበትም፣ ክፍያም አይጠይቅም። ኒውዮርክ ታይምስ በዚያው ጃንዋሪ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ለጋዜጣው የጠቀመው ደግሞ ሰዎችን ወደ ደንበኝነት የሚስብ በር ስለሆነ ነው። ገንዘቡ የሚታየው በጋዜጣው የደንበኝነት ገቢ ውስጥ እንጂ በጌም ገበያ ሪፖርት ውስጥ ላይሆን ይችላል። ተጫዋቾች የት እንዳሉ ማወቅ ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ አይነግረንም።

አንድን ሰው ደጋግሞ መቁጠር

እዚያው የኪንግ ሰነድ ላይ ሌላም ቁጥር አለ። የወሩ ተጫዋቾች 408 ሚሊዮን ናቸው ይላል። ከ304 ሚሊዮኑ ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው? አንድ ሰው ሁለት የኩባንያውን ጌሞች ከተጫወተ በትልቁ ቁጥር ውስጥ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። 304 ሚሊዮኑ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ አውጥቶ የቀረው ነው። ልዩነቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህ በአንድ ኩባንያ ውስጥ ነው። የአሥር ኩባንያዎችን ወርሃዊ ተጫዋቾች የሚደምር ሰው ያንኑ ሰው ስንት ጊዜ እንደቆጠረው አስቡት።

የዚህ ወንድም የሆነ ስህተት ወርሃዊ ተጫዋቾችን በ12 አባዝቶ «በዓመት ይህን ያህል ሰው» ማለት ነው። ገንዘብ በየወሩ ይደመራል። ሰው ግን አይደመርም፤ የጃንዋሪው ተጫዋች ፌብሩዋሪም ላይ ያው ሰውዬ ነው።

የማን እጅ የገባ ገንዘብ ነው?

ተጫዋቹ የከፈለው አንድ ዶላር ለጌም ሠሪው ሙሉውን አይደርስም። አፕል የስልክ አፖች መደብሩን፣ አፕ ስቶርን፣ በ2008 ሲከፍት ከሽያጩ 30 በመቶ መውሰድ ጀመረ። ፌስቡክም በ2011 አጋማሽ ጌሞች ሁሉ በራሱ የክፍያ ሥርዓት እንዲጠቀሙ ሲያስገድድ ያንኑ 30 በመቶ ቆረጠ። ከ2021 ጀምሮ አፕል በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያገኙ ትናንሽ ሠሪዎች ድርሻውን ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጓል። ስለዚህ «የገበያው መጠን» ሲባል ተጫዋቾች ያወጡት ነው ወይስ ሠሪዎች ያገኙት? በመካከሉ ሲሶ ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ ሒሳብ አያያዝ ላይ ነው። ዚንጋ፣ የፋርምቪል ሠሪ፣ በ2010 ለተጫዋቾች የሸጠው ወደ 839 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሒሳብ መዝገቡ ገቢ ተብሎ የተጻፈው ግን 597 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማጭበርበር የለበትም። ተጫዋቹ ለረጅም ጊዜ የሚጠቀምበትን ምናባዊ ዕቃ ሲገዛ ገንዘቡ ዛሬ ይገባል፣ ገቢ ተብሎ የሚመዘገበው ግን በሚቀጥሉት ወራት ተከፋፍሎ ነው። በፍጥነት እያደገ ባለ ኩባንያ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ይራራቃሉ። የአንዱን ኩባንያ ሽያጭ ከሌላው ኩባንያ ገቢ ጋር የሚደምር ሰው የማይደመር ነገር እየደመረ ነው።

ማስታወቂያውን ሁለቴ መደመር

ይህኛውን ብዙዎች ስለሚዘሉት ዘርዘር ላድርገው። ቀለል ያሉ ጌሞች ውስጥ የምናየው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ጌም ማስታወቂያ ነው። እንበልና አንድ ጌም ከተጫዋቾቹ 100 ዶላር ሰበሰበ። አዲስ ሰው ለማምጣት 40ውን ዶላር ሁለተኛ ጌም ውስጥ ማስታወቂያ አሠራበት። ሁለተኛው ጌም 40 ዶላር ገቢ አገኘ ማለት ነው። የሁለቱ ገቢ ሲደመር 140 ይሆናል። ከተጫዋች ኪስ የወጣው ግን 100 ብቻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከ40ው ላይ 20ውን መልሶ መጀመሪያው ጌም ላይ ቢያስተዋውቅበት ድምሩ 160 ይደርሳል። ወደ ገበያው ግን አንድ ሳንቲም አልተጨመረም።

የኩባንያዎችን ገቢ ድምር ማወቅ ለፈለገ ሰው 160 ትክክል ነው። ገበያው አዲስ መጤ ይሸከም እንደሆነ ማወቅ ለፈለገ ግን የሚያስፈልገው ከውጭ የሚገባው ገንዘብ ነው፦ የተጫዋቾች ክፍያና ጌም ያልሆኑ ድርጅቶች የሚከፍሉት ማስታወቂያ። በተለይ ክፍያ የማይጠይቁ፣ በማስታወቂያ ብቻ የሚኖሩ ጌሞችን የሚያጠና ሰው ይህን ካልለየ የሚያየው እርስ በርስ የሚዘዋወር ገንዘብ ነው። ዝውውሩም በቀላሉ ይናጋል። አፕል በኤፕሪል 2021 አፖች ተጠቃሚን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ ባስገደደ ጊዜ ከፋይ ሊሆን የሚችለውን ሰው ለይቶ ማስታወቂያ ማሳየት ከበደ። ሕጉ የወጣው ለግል መረጃ ጥበቃ ቢሆንም የጌሞቹን ስሌት ጭምር ነካ።

በአማካይ መተማመን

ጠቅላላውን ገበያ ለጌሞቹ ብዛት አካፍሎ «አንድ ጌም በአማካይ ይህን ያህል ያገኛል» ማለት የተለመደ ነው። የጌም ገበያ ግን እንዲህ አይከፋፈልም። ጥቂቶች ሰማይ ይነካሉ፣ አብዛኞቹ ወጪያቸውን አይመልሱም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ እንደዚያው ነው። በ2013 መጨረሻ ከኪንግ ሽያጭ 78 በመቶው የመጣው ከካንዲ ክራሽ ሳጋ ብቻ ነበር። ኩባንያው ሌሎችም ጌሞች ነበሩት። ባለአክሲዮኖችም ይህን አይተው ሳይሆን አይቀርም፣ በማርች 2014 በ22.50 ዶላር የተሸጠው አክሲዮን በመጀመሪያው ቀን 19 ዶላር ላይ ዘጋ። አማካዩን ትታችሁ ጌሞቹ በገቢ ሲደረደሩ መሐል ላይ ያለው ስንት እንዳገኘ ፈልጉ። ያ ካልተገኘ ትልልቆቹን አምስት ጌሞች አውጥታችሁ የቀረውን ለሌሎቹ አካፍሉት፣ ምስሉ ይቀየራል።

የዛሬውን መስመር ወደፊት መሳብ

በ2011 የፌስቡክ ጌሞችን ግራፍ ይዞ መስመሩን ወደ ላይ የቀጠለ ሰው ሞኝ አልነበረም። በዚያ ዓመት ከፌስቡክ አጠቃላይ ገቢ 12 በመቶው ከዚንጋ ጋር የተያያዘ ነበር። ግን በ2012 ሁለተኛ ሩብ ዓመት 72 ሚሊዮን የነበሩት የዚንጋ ዕለታዊ ተጫዋቾች በዓመቱ 39 ሚሊዮን ሆኑ። ሰዎች መጫወት አላቆሙም፣ ወደ ስልክ ሄዱ። ሌሎች ኩባንያዎችም እዚያ ጠበቋቸው።

በዚያው ወቅት ዚንጋ ድሮው ሰምቲንግ የተባለውን የሥዕል ጌም ሠሪ በማርች 2012 ወደ 180 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ገዛ። ጌሙ ያን ሰሞን የማይነካው ሰው አልነበረም። በኦክቶበር ኩባንያው ከዚህ ግዢ ዋጋ 85 እስከ 95 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰርዝ አሳወቀ። የአንድ ትኩስ ወር ቁጥር በ12 ሲባዛ የሚፈጠረው ይኸው ነው። ቀለል ያለ ጌም ቶሎ ይያዛል፣ ቶሎም ይተዋል። ስሌት ውስጥ ከገቡት ሰዎች ከወር በኋላ ስንቱ እንደሚቀሩ ካልተጻፈ የዓመቱ ገቢ ተጋንኗል።

ከሥር ያለው ቴክኖሎጂም ዘላለማዊ አይደለም። ብዙዎቹ የብራውዘር ጌሞች የተሠሩት ፍላሽ በተባለ ሶፍትዌር ነበር። አዶቢ በ2020 መጨረሻ ፍላሽን ሲያቆም የፌስቡኩ ፋርምቪልም በዲሴምበር 31 አብሮ ተዘጋ።

ዓለምን አንድ ኪስ ማድረግ

የአንድ ሀብታም አገር ተጫዋች የሚያወጣውን ወስዶ በዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ቁጥር ማባዛት አይሠራም። የመግዛት አቅም ይለያያል። በኦንላይን መክፈያ ካርድ የሌለው ብዙ ነው። ቻይና ውስጥ ጌም ለመሸጥ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የጎግል የአፖች መደብር የሆነው ጎግል ፕሌይም እዚያ አይሠራም፤ ስለዚህ የጎግል ፕሌይ ቁጥር «የዓለም» ቢባልም ትልቅ አገር ጎድሎታል። አገሮቹን በሦስት ወይም አራት ቡድን ከፍሎ ለየብቻ ማስላት ይሻላል።

«አንድ በመቶውን ብቻ ብንይዝ»

ይህ አባባል ትሑት ይመስላል። ነገር ግን አንድ በመቶው እንዴት እንደሚያዝ አይናገርም። ከላይ ከቢሊዮኑ ከመነሳት ከታች ከአንድ ሰው መጀመር ይሻላል። ስንት ሰው ስለ ጌሙ ይሰማል? አንዱን ለማምጣት ስንት ያስወጣል? ከመጡት ስንቱ ይቆያሉ፣ ከቆዩት ስንቱ ይከፍላሉ፣ ስንት ወር ይከፍላሉ፣ የመደብሩ ድርሻ ተቀንሶ ስንት ይቀራል? እያንዳንዱ ግምት የራሱ መስመር ይኑረው። የተገኘውንም ውጤት አክሲዮን ለሕዝብ ከሸጡ ኩባንያዎች የሒሳብ ሪፖርት ጋር አስተያዩት። እናንተ «ትንሽ» ያላችሁት ገቢ በዓለም ከታወቀ ኩባንያ ገቢ ጋር ከተቀራረበ የሆነ ቦታ የተጋነነ ቁጥር አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም የከፋዮቹ መቶኛ ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ብቸኛ ቁጥር አታቅርቡ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ግምት አስቀምጡ። ከዚያ ግምቶቹን አንድ በአንድ በግማሽ እየቀነሳችሁ ውጤቱን በጣም የሚያናውጠው የትኛው እንደሆነ እዩ። ጥናታችሁንና ገንዘባችሁን መጀመሪያ እዚያ መስመር ላይ አውሉ፤ ትንሽ የሙከራ ጌም ለጥቂት ሺህ ሰዎች ለቆ የከፋዮቹን መጠን በዓይን ማየት ከወፍራም ሪፖርት ይልቅ ብዙ ይነግራችኋል።