ጊታር የሌለበትን የፒያኖ ሮክ አልበም እንዴት ማድመጥ ይቻላል?

በጎንደር አዝማሪ ቤቶች ጆሮው የተሟሸ ሰው በፒያኖ የሚመራ የፖፕ ሮክ አልበም ሲከፍት፣ መሣሪያው ለድምፃዊው እንዲመልስለት መጠበቁ አይቀርም። ባለ አንድ ክሩ ማሲንቆ የአዝማሪውን ዜማ እግር በእግር ይከተላል፤ ግጥሙ ሲያበቃም ተራውን ተረክቦ ይቀጥላል። በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ግን ፒያኖው ከዜማው ሥር ሆኖ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እየመታ ለዘፋኙ መደላድል ያበጃል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ አድማጭ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብሎ በሦስተኛው ዘፈን ላይ አይዘጋውም።

ለጀማሪ የምመርጠው ኪን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን «ሆፕስ ኤንድ ፊርስ» የተሰኘ አልበም ነው። የባንዱ ጊታር ተጫዋች በ2001 ከለቀቀ በኋላ ድምፃዊው ቶም ቻፕሊን፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ቲም ራይስ ኦክስሊ እና ድራም ተጫዋቹ ሪቻርድ ሂዩዝ ሌላ ጊታሪስት ሳይተኩ ስለቀጠሉ፣ ጊታር የሚይዘውን ስፍራ ያማሃ ሲፒ 70 የተባለ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ያዘው። በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ በተለምዶ ኪቦርድ የምንለው አይደለም፤ እውነተኛ ክሮቹ በመዶሻ ይመታሉ፣ ድምፁ ግን እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር በማጉያ ያልፋል።

አልበሙን በስልክዎ ስፒከር አይክፈቱት፤ ወፍራሞቹ ድምፆች ስለሚጠፉ የሚቀርዎት ግማሹ ሙዚቃ ብቻ ነው። በኤርፎን የመጀመሪያውን ዘፈን ሦስት ጊዜ ይስሙ፦ መጀመሪያ ድምፃዊውን ብቻ፣ ቀጥሎ ፒያኖው እኩል እየደጋገመ የሚመታቸውን ኮርዶች (በአንድ ጊዜ አብረው የሚመቱ ድምፆችን)፣ በመጨረሻም ቤዙንና ድራሙን ይከተሉ። እንግሊዝኛው ባይገባዎት አይጨነቁ፤ ዘፈኑ ድሮ ወደሚያውቀው ስፍራ የተመለሰ ሰው ጉዳይ በመሆኑ የትዝታ ወዳጅ ስሜቱን አያጣውም። ዜማው እንግዳ የሚሆንብዎት ምናልባት ከቅኝቱ የተነሣ ነው፤ ትዝታ ሜጀር በአምስት ድምፆች ሲቆም ይህ ሙዚቃ ግን በሰባት ድምፆች የተዋቀረ ነው። ክራር የሚደረድሩ ከሆነ ክራርዎን በትዝታ ሜጀር ቃኝተው አብረው ይሞክሩ፤ አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ሲመጣ ክር ያጣሉ።

አልበሙ የሚስማማው ረጋ ያለ ትዝታና ከፍ ብሎ የሚወጣ የሰው ድምፅ ለሚወድ፣ እንዲሁም ኪቦርድ ለሚለማመድ ወጣት ነው። እስክስታ የሚያስመታ ምት ወይም የጊታር ጩኸት የሚፈልግ ሰው ግን ጊዜውን ባያባክን እመክራለሁ። አልበሙ 45 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ ቅደም ተከተሉን ሳያዘበራርቁ፣ ማታ ግርግሩ ጋብ ሲል እስከ መጨረሻው ዘፈን «ቤድሼፕድ» ድረስ ይስሙት። ፒያኖውን ወደው ድራሙ ከከበደዎት ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን የብቻ ፒያኖ ቅጂዎች ይክፈቱ።