ፈንጂ ሥራ ላይ ጀማሪም አንጋፋም የሚሠራቸው ስህተቶች

የፈንጂ ባለሙያ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ያቺ አንዲት ቅጽበት ናት። ቁልፉ ይጫናል፣ መሬቱ ይናወጣል፣ አቧራው ይነሳል። ሥራው ግን አብዛኛው መቁጠር ነው፣ መለካት ነው፣ መጻፍና መጠበቅ ነው። ሰው የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ በዚሁ አሰልቺ ክፍል ነው፦ ከፍንዳታው በፊት ባሉት ሰዓታትና ከፍንዳታው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች። ማዕድን ማውጫ፣ የድንጋይ ካባ ወይም ሕንፃ ማፍረስ ላይ ለምትሠሩም፣ ልትገቡበት ለምታስቡም፣ ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

“እስካሁን ምን ሆነ?” ማለት

ጀርመን ውስጥ ኦፓው የሚባል ቦታ አንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ ነበር። ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ሲቆይ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዶማ አልነቃነቅ ሲል ሠራተኞቹ በትንንሽ ድማሚት ይሰነጣጥቁት ነበር። ይህ አሠራር ወደ 20,000 ጊዜ ያህል ያለ ችግር እንደተደገመ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ግን ክምሩ ራሱ ፈነዳ። ከ500 በላይ ሰው ሞተ፣ መጋዘኑ የነበረበት ቦታም ሰፊ ጉድጓድ ሆነ።

ልብ በሉ፤ አሠራሩ ያው የድሮው ነበር። ማዳበሪያው የሚዘጋጅበት መንገድ ግን በዚያው ዓመት ተቀይሮ ነበር። በእናንተም ሥራ እንዲሁ ነው። አለቱ ከትናንቱ ይለያል፣ የመጣው የፈንጂ ካርቶን ከሌላ ዙር ምርት ነው፣ ቀዳዳው ውኃ ይዟል። እጅ ግን የለመደውን ይሠራል። ስለዚህ በየቀኑ መጀመሪያ የሚጠየቀው “ዛሬ ምን ተቀይሯል?” ነው። ጥያቄው ለአንጋፋው ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ጀማሪው እንኳን እግዜር ይስጠውና ገና ይፈራል።

ቀዳዳ ውስጥ ብረት መክተት

እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ፣ ቬርሞንት ውስጥ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። አለት ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ባሩድ በብረት ዘንግ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ተቀጣጠለ። ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የሚገርመው ሰውየው ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ከ11 ዓመት በላይ ኖረ። የሕክምና ተማሪዎች በአንጎሉ ያስታውሱታል። እኛ በዘንጉ ብናስታውሰው ይሻላል።

ዛሬ መጠቅጠቂያው እንጨት ወይም ብልጭታ የማያወጣ ፕላስቲክ ነው። ችግሩ ዘንጉ ሲሰበር ይመጣል። የፈንጂው ጥቅል ቀዳዳው መሃል ላይ ተቀርቅሯል፣ ሰዓት ሄዷል፣ አጠገብ ደግሞ የመሰርሰሪያ ብረት ተጋድሟል። እጅ ወደዚያ ይሄዳል። አይሆንም። የተቀረቀረ ጥቅል በጉልበት አይገፋም። ዴቶናተር፣ ማለትም ዋናውን ፈንጂ የምታስነሳው ትንሽ ማፈንጃ፣ የገባበት ጥቅል ደግሞ በእንጨትም ቢሆን አይወቀጥም፤ ቀስ ብሎ ቦታው ይደርሳል፣ በቃ።

ዴቶናተርን እንደ ተራ ዕቃ ማየት

ዴቶናተር ትንሽ፣ የምታብረቀርቅ የብረት ቱቦ ናት፤ እስክሪብቶ እንኳ አታክልም። ትንሽነቷ ያታልላል። ዋናው ፈንጂ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እሷ አይነሳም፤ እሷ ግን ብቻዋን ጣት ትቆርጣለች፣ ዓይን ታጠፋለች። ስለዚህ ከፈንጂው ጋር አንድ መጋዘን አትገባም፣ አንድ ሳጥን ውስጥ አትጫንም። ኪስ ውስጥማ ጭራሽ።

የኤሌክትሪክ ዴቶናተር ከሆነ ሁለቱ የሽቦ ጫፎች እርስ በርስ ተጠምዝዘው ይመጣሉ። ጥምዝምዙ እስከሚገናኝባት ሰዓት ድረስ አይፈታም። “ቶሎ እንዲያልቅ” ብሎ ሁሉንም ቀድሞ የሚፈታ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት። የተፈታ ሽቦ እንደ አንቴና ነው፤ የሬዲዮ መገናኛና ሞባይል አጠገቡ መድረስ የለባቸውም። ከልብስ የሚነሳ የኤሌክትሪክ ንዝረትም ዴቶናተሯን ለማፈንዳት ሊበቃ ይችላል።

የነጎድጓድ ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ክርክር የለም፤ ሁሉም ቦታውን ለቆ ይወጣል። “የኛ ዴቶናተር የኤሌክትሪክ አይደለም፣ ችግር የለውም” የሚሉ አሉ። መብረቅ የዴቶናተር ዓይነት አይመርጥም።

ድንጋዩ እዚህ አይደርስም ብሎ መገመት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1997 አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ውስጥ አንድ የቀድሞ ሆስፒታል በፈንጂ ሊፈርስ ነበር። ዝግጅቱ እንደ በዓል ተነግሮ ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ሐይቁ ዳር ተሰብስቦ ይመለከት ነበር። ሕንፃው እንደታሰበው አልወደቀም። ስብርባሪው ውኃውን ተሻግሮ በረረ። ከ400 ሜትር በላይ ርቃ የቆመች የ12 ዓመት ልጅ በብረት ቁራጭ ተመትታ ሕይወቷ አለፈ።

በማዕድንና በካባም የሚበር ድንጋይ ዋና ገዳይ ነው። የሚበርበት ምክንያት ግን ተአምር አይደለም። ከፊት ያለው አለት ቀጥኖ ሳለ እንደ ወፍራም ተቆጥሮ ይሞላል። አለቱ ውስጥ ስንጥቅ ወይም ዋሻ ይኖርና ፈንጂው እዚያ ይከማቻል። ወይ ደግሞ የቀዳዳው አፍ በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል። ይህን የመጨረሻውን ቸል የሚሉት ብዙ ናቸው፤ ከመሰርሰሪያው የወጣውን ብናኝ ገፋ ገፋ አድርገው ይሄዳሉ። የተሰበረ ጠጠር እርስ በርስ ስለሚቆላለፍ ግፊቱን ይዞ ያቆየዋል። ብናኝ ግን እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ይወጣል።

መንገድ የሚዘጋ ጠባቂም ዝም ብሎ የቆመ ሰው አይደለም። ሳይሪኑን ስለሰማ፣ ፍንዳታውን ስላየ ብቻ መንገዱን አይከፍትም። የሚከፍተው ኃላፊው ራሱ “አልቋል” ሲለው ነው። የማፈንጃው ቁልፍ ደግሞ ከኃላፊው ኪስ አይወጣም፤ “ያዝልኝማ” የሚባል ነገር የለም።

ተጣድፎ መመለስ

እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ሥራ ላይ የፈሰሰ አይለቀምም።

ከፍንዳታ በኋላ ሁለት ነገር ይጠብቃችኋል። አንዱ ጭሱ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ዋሻ ውስጥ ሰው ድካም የተሰማው መስሎት ቁጭ ይላል፤ ከዚያ አይነሳም። ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ጭስ ካያችሁ ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው። የተነፈሰው ሰው ትንሽ ስሎ “ደህና ነኝ” ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ሳንባው ውኃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጭስ የነካው ሰው ምንም ባይሰማውም ሐኪም ይየው።

ሌላው ሳይፈነዳ የቀረው ነው። በአሜሪካ የማዕድን ደንብ፣ አንድ ቀዳዳ ሳይፈነዳ ቀረ ተብሎ ከተጠረጠረ በሚለኮስ ፊውዝ (እየተቃጠለ እሳቱን በሚያደርስ ገመድ) የተሠራ ከሆነ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማንም አይጠጋም፤ በሌላው ቢያንስ 15፣ በኤሌክትሮኒክ ዴቶናተር ደግሞ 30። ይህ ዝቅተኛው ነው። የአገራችሁ ደንብ ወይም የአምራቹ መመሪያ ከዚህ የሚበልጥ ካለ እሱን ያዙ። ፊውዝ ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። የጠፋ የሚመስል ነገር ስላልጠፋ የሞቱ ብዙ ናቸው።

ጊዜው ሲያልፍ መጀመሪያ የሚገባው ባለሙያው ነው፤ ጫኝ መኪና አይደለም፣ ቆፋሪም አይደለም። ምን ይፈልጋል? ፍርስራሹ መሃል የተንጠለጠለ ሽቦ፣ ያልተሰበረ ጥቅል፣ ሌላው ሲሰበር ሳይሰበር የቀረ አለት። ሽቦ ካየ አይጎትትም። ቦታውን ምልክት አድርጎ ይዘጋዋል፣ ከዚያ በመመሪያው መሠረት የሰለጠነ ሰው ይይዘዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ አጉል ልማድ አለ። ከፍንዳታ በኋላ አለቱ ላይ የቀዳዳዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ሳይሰበር ይቀራል። ቆፋሪው አዲስ ከመጀመር እሱኑ ተንተርሶ መቆፈር ይቀለዋል፤ ብረቱ አይንሸራተትበትማ። እዚያ ጥግ ላይ የተረፈ ፈንጂ ካለ መሰርሰሪያው በቀጥታ ያገኘዋል። የድሮ ቀዳዳ መቼም ቢሆን አይቆፈርም። “ባዶ ነው፣ አይቼዋለሁ” ቢባልም።

ሕንፃን ፈንጂው ይጥለዋል ብሎ ማሰብ

ሕንፃውን የሚጥለው የራሱ ክብደት ነው። ፈንጂው የተመረጡ ምሰሶዎችን ብቻ ይቆርጣል። ይህን ያልገባው ሰው ነገሩ ሲጠብቅበት ፈንጂ ይጨምራል፤ የሚያተርፈው ስብርባሪ ነው። ዕቅዱ በድሮው ንድፍ ላይ ብቻ ከተሠራም ያስቸግራል፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ብረት ግድግዳው ውስጥ ይገኛል። ክፉው ደግሞ ግማሹ ወድቆ ግማሹ የቆመ ሕንፃ ነው። ውስጡ ያልፈነዳ ሊኖር ይችላል፣ ራሱም በማንኛውም ሰዓት ሊናድ ይችላል። “እስቲ ገብቼ ልየው” የሚል ካለ ያዙት።

ቁጥሩ አልመጣም ብሎ ለመናገር ማፈር

ከመጋዘን የወጣው፣ ቀዳዳ የገባው፣ የተመለሰው፤ ሦስቱ መግጠም አለባቸው። አንዲት ዴቶናተር ከጎደለች ሥራ ይቆማል። ጀማሪ ሆኖ ይህን ለአለቃ መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። አለቃው ይቆጣል፣ መኪኖቹ ቆመዋል፣ ምናልባትም የቆጠራ ስህተት ነው። ቢሆንም ይነገር። ያቺ የጎደለች ቱቦ ፍርስራሹ ውስጥ ካልተገኘች አንድ ቀን ልጅ ያገኛታል። የምታብረቀርቅ ነገር ልጅ ይወዳል።

የመጣችበት ካርቶንም ቢሆን ባዶነቱ ሳይታይ አይጣልም፤ ለዕቃ መያዣ ብሎ ቤት መውሰድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

መዝገቡን “ማታ እሞላዋለሁ” አትበሉ። እዚያው ቦታው ላይ ይጻፍ፦ የቀዳዳው ብዛት፣ የገባው መጠን፣ ሰዓቱ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ያልፈነዳ ካለ የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ። የሚቀጥለው ፈረቃ መሰርሰሪያውን የሚያነሳው ያንን ገጽ አንብቦ ነው።