በ12 ቮልት የሚሠራ የጊታር ፔዳል ላይ ቲዩብ ስትቀይሩ

ቤት ውስጥ የሚሠሩ ባለ ቲዩብ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) ኦቨርድራይቭ (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር) ፔዳሎች ብዙ ጊዜ አንድ ቲዩብ ብቻ ነው ያላቸው፣ በአብዛኛው 12ኤዩ7። እሱን ነቅሎ 12ኤኤክስ7 መሰካት የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሳሳና የታፈነ ድምፅ ነው።

የ12ኤኤክስ7 የማጉላት አቅም 100 ነው፣ የ12ኤቲ7 60፣ የ12ኤዋይ7 44፣ የ12ኤዩ7 ግን 20 እንኳ አይሞላም። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት ፕሌቱ (ቲዩቡ ውስጥ ከረንቱን የሚቀበለው ክፍል) 100 ወይም 250 ቮልት ሲያገኝ ነው። 12 ቮልት ላይ ወሳኙ ነገር ቲዩቡ የሚያሳልፈው ከረንት ነው፤ በዚህ ደግሞ 12ኤዩ7 ሌሎቹን ያስከነዳቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ 12ኤዩ7 ሞክሩ፣ ከዚያ 12ኤቲ7። 12ዩ7 ካገኛችሁ እንዳታልፉት፤ ለድሮ የመኪና ሬዲዮ የተሠራ ስለሆነ ፕሌቱ ላይ 12 ቮልት ይበቃዋል። ለእንዲህ ያለ ፔዳል ውድ አሮጌ ቲዩብ ፍለጋ መዞር ግን በፍጹም አልመክርም።

ከድምፁ በፊት ማሞቂያውን፣ ማለትም ቲዩቡ ውስጥ የሚግለውን ሽቦ፣ እዩ። የጠቀስኳቸው ሁሉ ማሞቂያቸው በ4 እና በ5 ቁጥር እግሮች መካከል ነው፣ 9 ቁጥር መሀሉ ላይ ይገናኛል። በ4 እና በ5 መካከል 12.6 ቮልት ከገባ 150 ሚሊአምፒር ይወስዳል፤ 4 እና 5 አንድ ላይ ታስረው ከ9 ጋር 6.3 ቮልት ከገባ ደግሞ 300። እርስ በርስ ስትለዋውጧቸው ችግር የለም። ኢሲሲ88 እና የሩስያው 6ኤን2ፒ ግን ሶኬቱ ውስጥ ልክክ ብለው ቢገቡም ማሞቂያቸው የሚችለው 6.3 ቮልት ብቻ ነው። 12 ቮልት ላይ ሰክታችሁ ካበራችሁት ቲዩቡ አለቀለት!

ፔዳሉን ከኃይል ንቀሉና ቲዩቡ ይቀዝቅዝ። በአንድ እጅ ሰርኪዩት ቦርዱን ደግፉ፣ በሌላው መስታወቱን ከታች በኩል ይዛችሁ በጣም በትንሹ ወዲህ ወዲያ እያላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ መጠምዘዝ የለም፣ ምክንያቱም ቦርድ ላይ የተበየደ ሶኬት ከተጠመዘዘ ብየዳው ይሰነጠቅና በኋላ ድምፁ እየጠፋ እየመጣ ያሰቃያችኋል። አዲሱን ከመሰካታችሁ በፊት ፔዳሉን መልሳችሁ አብሩና ባዶውን ሶኬት በመልቲሜትር ለኩ። 4 እና 5 ላይ ያለውን እዩ፣ ከዚያ ከግራውንድ አንጻር 1 እና 6ን፤ ፕሌቶቹ እነሱ ናቸው። ፕሌቱ ላይ 200 ቮልት ካነበባችሁ ውስጡ ቮልቴጅ ማሳደጊያ አለ ማለት ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ካፓሲተሮቹ ከጠፋም በኋላ ይነዝራሉ።

ለክታችሁ ስትጨርሱ ፔዳሉን አጥፉና አዲሱን ቲዩብ ሰኩ፤ በ1 እና በ9 ቁጥር እግሮች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት አቅጣጫውን ያሳያችኋል። የተጣመመ እግር ካለ በቀስታ አቅኑት፣ በጉልበት እንዳትሰኩ።

አብርታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። መስታወቱን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አድርጉት፤ ድምፁ በስፒከሩ ጎልቶ ከተሰማ ቲዩቡ ማይክሮፎኒክ ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የፕሌቱን ቮልቴጅ እንደገና ለኩ። 12 ላይ ተለጥፎ ከቀረ ቲዩቡ ከረንት እያሳለፈ አይደለም። የፕሌቱን ሬዚስተር አውጥታችሁ በ100 ኪሎኦም ትሪመር (በመፍቻ እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ብትተኩት ከ6 ቮልት አካባቢ ጀምራችሁ ጊታሩን እየመታችሁ በጆሮ ታስተካክሉታላችሁ። የ12ኤዩ7 እና የ12ኤቲ7 ልዩነት በደንብ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው።

ቀዝቃዛ ማሞቂያ ሲበራ ብዙ ከረንት ስለሚስብ ቢያንስ የ500 ሚሊአምፒር አዳፕተር ተጠቀሙ፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይህን አይችለውም።