የሌሊት ሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጂዳ ወይም ከሪያድ የሚመለስ ዘመድ ወደ ደሴ፣ ወልዲያ ወይም ኮምቦልቻ ይዞት ከሚገባው ዕቃ መካከል እንደ ፓናዶል ናይት ያለ የሌሊት ሕመም ማስታገሻ አይጠፋም። የዚህ ኪኒን አንድ ፍሬ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞልና 25 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን የተባለ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት በአንድነት ይይዛል። ስህተቱ በአብዛኛው የሚመጣው ተጠቃሚው ከሁለቱ አንዱን ሲዘነጋ ነው።

ከሁሉም የከፋው ፓራሲታሞልን ሳያውቁ መደራረብ ነው። ቀን ለራስ ምታት ፓራሲታሞል፣ አመሻሽ ላይ የጉንፋን ኪኒን፣ ሲተኛ ደግሞ የሌሊቱን ሁለት ፍሬ የወሰደ ሰው ሦስት ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ በሦስቱም ውስጥ ያው ፓራሲታሞል አለ። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬዎች በላይ መውሰድ የለበትም፤ ጉበቱን ለታመመ ወይም አረቄ ለሚያዘወትር ግን ይህም ሊበዛበት ስለሚችል መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ የጉበቱ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ማርከሻው ይበልጥ የሚሠራው ኪኒኑ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በመሆኑ «ሲነጋ እናየዋለን» ብሎ ማደር አደገኛ ነው።

ሌላው ስህተት ኪኒኑን ከሚያደነዝዙ ነገሮች ጋር መቀላቀል ነው። አሚትሪፕቲሊን፣ ዲያዜፓም ወይም ትራማዶል የታዘዘለት ሰው፣ ጠጅ የጠጣም ጭምር፣ ዳይፈንሃይድራሚን ሲጨምርበት ድብታው ይበረታል፤ አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም ይህንኑ መድኃኒት ይይዛሉ። ድብታው እስከ ጠዋት ሊዘልቅ ስለሚችል ማልዶ ባጃጅ የሚያወጣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ለአረጋውያን ወላጆች «እንቅልፍ ይውሰዳቸው» ተብሎ መስጠቱ በቅን ልቦና የሚፈጸም ቢሆንም ከባድ ጥፋት ሊያስከትል ይችላል። ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባት ጭራሹን ሽንት ሊዘጋባቸው፣ አንዳንድ ዓይነት ግላኮማ ያለባቸውም የዓይናቸው ግፊት በድንገት ሊጨምር ይችላል። በሌሊት ከቤት ውጭ ወዳለው ሽንት ቤት የሚወጡ እናትም ደንዝዘው ሊወድቁ ይችላሉ።

ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትን ለባለሙያው አለመናገርም የተለመደ ነው። ፓራሲታሞልን ለተከታታይ ቀናት መውሰድ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይ የመድማት አደጋን ሊጨምር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የጉበት ጉዳትን ሊያባብስ ይችላል። አንዳንዶቹ የሌሊት ኪኒኖች በፓራሲታሞል ፋንታ አይቡፕሮፌን ስለያዙ፣ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያመው እንዲሁም የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይመከሩም።

ካርቶኑን ጥሎ ፍሬውን ለጎረቤት እየቆረጡ ማካፈልም ይቅር፤ ስሙና የአገልግሎት ማብቂያው አብረው ይቆረጣሉና። እንዲህ ያለ ቁራጭ እጁ የገባ ሰው ከመዋጡ በፊት ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ወደ ፋርማሲ ይዞት ይሂድ፤ ፋርማሲስቱ ምንነቱን ማወቅ ካልቻለ ኪኒኑ መዋጥ የለበትም።