«ይሄ ልጅ እኮ አይበላም!» ገበታ ላይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልጄ 4 ዓመቱ ነው። አምና ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ጭንቅ ይይዘኝ ነበር። እኔ ጉርሻ ይዤ፣ እሱ አፉን ገጥሞ። የደብረ ብርሃን ብርድ ሆድ ያስርባል ይባላል። የኔን ልጅ ግን አላስራበውም። እናቴ ከመሐል ሜዳ መጥታ አንድ ሳምንት ከኛ ጋር ሰነበተች። ሁለት ቀን ዝም ብላ አየችንና «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ርቦት አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ በኋላ የራሴን ጥፋት መቁጠር ጀመርኩ።

ጉርሻ ይዞ ማሳደድ

ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነበር። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አልክድም። የጠገበ ልጅ አፍ ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። «ይቺን ለአባዬ፣ ይቺን ለእማማ፣ ይቺን ካልበላህ አያ ጅቦ ይመጣል።» ሁሉንም ብያለሁ። አልፎ አልፎም አፍንጫውን ይዤ አጉርሼዋለሁ፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ልጅ ሲወለድ ረሃቡንና ጥጋቡን ያውቃል። ጡት ሲበቃው ፊቱን ያዞር የለ? እያስገደድን ስናጎርሰው ግን ሆዱን ማዳመጥ ይተዋል። ምግብ ሲያይም ለቅሶው ይመጣል። ደግሞ እኛ እናቶች የምንረሳው ነገር አለ። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። ከ2 ዓመት በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው 2 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ሲረጋጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ «ድሮ እንደዚህ አልነበረም» ማለታችን እውነት ነው፣ ግን በሽታ አይደለም።

አሁን ቤታችን ውስጥ ሥራ ተከፋፍለናል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ የምወስነው እኔ ነኝ። ከቀረበው ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው እሱ ነው፣ በገዛ እጁ። ልብሱ ወጥ በወጥ ይሆናል፣ ይታጠባል። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ከቆየ በኋላ ሳህኑ ይነሳል። ቁጣ የለም፣ ልመና የለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እሱ ሳይበላ አንጀቴን በላኝ። በአራተኛው ቀን ማታ ራሱ መጥቶ «እራት የለም እንዴ?» አለ።

ቀኑን ሙሉ ሻይና ቁራሽ

የእናቴን ጥያቄ መልስ ያገኘሁት አንድ ቀን ልጁን ከጠዋት ጀምሬ ስከታተለው ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ። አራት ሰዓት ላይ ከጎረቤት ብስኩት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ አባቱ ያመጣለት ሙዝ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ሽሮ ይዤ ከተፍ እላለሁ። በየትኛው ሆዱ ይብላው?

አገሩ ብርድ ስለሆነ ለልጅ ሻይ መስጠት ለምደናል። ሻይ ግን ሆድ መሙላቱ ብቻ አይደለም ጣጣው። ከምስር፣ ከባቄላና ከጎመን የሚገኘው አይረን (ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን) ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ሎሚና ቲማቲም በተቃራኒው ያግዙታል። ቲማቲሙም ፓፓያውም ከሸዋ ሮቢት በኩል ይመጣልናል፣ ሰበብ የለንም። ወተትም በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ የሌላውን ምግብ ቦታ ይወስዳል። ጓሮው ላም ላሰረ ሰው ይሄን መንገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ አሁን ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት ብዬ ሰዓት ይዣለሁ። በመሃል ውሃ ብቻ።

አንዴ ሲተፋው «አይወደውም» ማለት

ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች አዲስ ምግብ ይፈራሉ። ብዙ ልጆች አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ይፈልጋሉ። እኛ በሁለተኛው ተስፋ እንቆርጣለን። እኔ በጎመን ሞከርኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ጎመን ከሚወደው አልጫ ሽሮ አጠገብ አስቀምጥና ዝም እላለሁ። መጀመሪያ ገፋው። ከዚያ ነካካው። አንድ ቀን ላሰው። የዋጠው በአሥራ አንደኛው ነው (ቆጥሬያለሁ፣ ባለቤቴ ስቆብኛል)።

በነገራችን ላይ አንዳንዱ ልጅ ምግቡን ሳይሆን በርበሬውን ነው የሚሸሸው። ወጡ ከመቅላቱ በፊት የሱን ቀንሳችሁ አስቀሩለት።

ከረሜላን ሽልማት ማድረግ

«ምስሩን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ» ስንል ምስር ቅጣት፣ ከረሜላ ሹመት ሆነ ማለት ነው። ስልክ ከፍቶ ካርቱን እያሳዩ ማጉረስም ያው ነው። አፉ ይከፈታል፣ ልጁ ግን ምን እንደበላ አያውቅም።

ለብቻ ማብላት

ልጅ በኋላ ይብላ፣ ወይ ጓዳ ይብላ እንላለን። ታዲያ መብላትን ከማን ይማር? አባቱ ባቄላ ንፍሮ ሲቆረጥም ያየ ልጅ ሳይለመን እጁን ይሰዳል። ቆሎው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ገብስ ቆሎም ሆነ ኦቾሎኒ ከ4 ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቀው ይችላል። ከዚያው ገብስ በሶ በጥብጡለት፣ ወይ ቅንጬ ሥሩለት።

ሳያውቁ ማስጾም

ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም። ነገር ግን በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ ዕቃው እንዳይነካካ ተብሎ ቤት ውስጥ እንቁላልም ወተትም አይሠራም። ልጁ ሳይወድ ጾመ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለሱ ብቻ ይለይለት።

ፊቱ ላይ ማማት

ቡና ላይ ተቀምጠን «የኔው አይበላም እኮ፣ እንደ አባቱ ነው» እንላለን። ልጁ አጠገባችን ነው፣ ይሰማል። ስም ከወጣለት በኋላ በስሙ ይኖራል።

ይሄ ሁሉ ግን ለጤነኛ ልጅ ነው። እየከሳ ከሄደ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከደጋገመው፣ ሲውጥ ካመመው ወይም ከተጫዋችነት ወደ ድብታ ከዞረ ምክር አትስሙ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ባለ ቀለም የክንድ ዙሪያ መለኪያ አለ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ለነገ አይባልም። ከ11.5 እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ ነው፣ ክትትል ይፈልጋል።

የኔን ልጅ አስለክቼዋለሁ፣ አረንጓዴ ነው። ባለሙያዋ መለኪያውን ከክንዱ ፈታችና «ታዲያ ማን ነው አይበላም ያለው?» አለች። ልጁ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።