ሃፍ ላይፍን በፊኛና በባና መለካት

እናቴ አዲስ አበባ ሄዳ ለታይሮይድ ሕመሟ አዮዲን 131 የሚባል ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት ወስዳ ደሴ ተመለሰች። ሐኪሙ ሕፃን እንዳታቅፍ፣ ለብቻዋ እንድትተኛ ነግሯታል። ጎረቤታችን፣ እንደ አክስት የማያቸው ትልቅ ሴት፣ ሊጠይቋት መጡና በር ላይ ያዙኝ። «ጨረሩ መቼ ነው የሚለቃት?» «ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው» አልኳቸው። «እንግዲያ በ16 ቀን አለቀ፤ አብሽሪ!» አሉኝ።

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ሃፍ ላይፍ፣ ካለው ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ ነው፤ ተማሪዎቼም የሚሳሳቱት እዚሁ ላይ ነው። ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ አሳየኋቸው። ጨረር የሚቆጥር ትንሽ የጋይገር ቆጣሪ ካገኛችሁ እናንተም ትችላላችሁ።

ሙከራውን እኛ ቤት አልሠራሁትም፤ ቆጣሪው እናቴን በግድግዳ አልፎ ይቆጥራት ነበር። የጎረቤታችን ጓዳ ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ የድንጋይ ግድግዳ፣ የአፈር ወለል፣ አንዲት ጠባብ መስኮት። ድንጋይና አፈር ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ። እሱ ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥም ይጠራቀማል። ከሬዶን የሚወለዱት እርሳስ 214 እና ቢስመዝ 214 ግን ጋዝ አይደሉም። አየር ላይ ካለው ብናኝ ጋር ይጣበቃሉ። የምናጠምደው እነሱን ነው፤ ፊኛ ሲፈተግ ኤሌክትሪክ ይዞ ብናኙን ይስባል።

መጀመሪያ ባዶውን ክፍል ቁጠሩ። ይህን የሚዘል ሰው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ደቂቃ ብቻ ብትቆጥሩ አንዴ 24፣ አንዴ 37 ይመጣል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ አቶም በቀጠሮ አይፈርስም። ስህተቱ በግምት የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። 25 ብትቆጥሩ 5 ያህል ያወላውላል፣ ከመቶ 20 ማለት ነው። 400 ብትቆጥሩ 20 ያህል፣ ከመቶ 5 ብቻ። ስለዚህ ረዘም አድርጉት። እኔ በ10 ደቂቃ 300 አገኘሁ፤ ለ5 ደቂቃ 150 ማለት ነው። የኔን ቁጥር ግን አትዋሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ከኮምቦልቻ ይበዛል።

ከዚያ ፊኛውን ነፍታችሁ በደንብ ፈትጉት። እኔ በባና ነው የፈተግኩት፤ ሱፍ ስለሆነ አሪፍ ነው። ፀጉራችሁን መሳብ ሲጀምር በክር ጓዳው መሃል ስቀሉት፣ ምንም እንዳይነካው። በሩን ዝጉና 40 ደቂቃ ተዉት። በሐምሌ ጉም አትሞክሩት፤ እርጥብ አየር ኤሌክትሪኩን ይበላዋል።

ጎረቤታችን እስከዚያ ቡና ቆሉ። አቦሉ ሲቀዳ ፊኛውን አስተንፍሼ፣ ጠቅለል አድርጌ ቆጣሪው ቱቦ ላይ አስጠጋሁት። ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ተጣደፈ። በ5 ደቂቃ 450! ከ40 ደቂቃ በኋላ፣ ቶናው ላይ፣ 300። «ግማሽ አልሆነማ!» አሉ ወዲያው። ልክ ናቸው። ግን የባዶውን ክፍል 150 ከሁለቱም ቀንሱ፦ 300 የነበረው 150 ሆኗል። ሌላ 40 ደቂቃ ቆይተን በረካው ላይ 225 ቆጠርን፤ ሲቀነስ 75። ፊኛው ላይ ያለው የአንድ ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። እርሳሱ 27፣ ቢስመዙ 20 ደቂቃ ገደማ ግማሽ ዕድሜ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን እየወለደ ስለሚሄድ አብረው ሲታዩ በግማሽ ለመቀነስ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳሉ። ፊኛው ራሱ አያስፈራም፤ ያጠመደው ስንተነፍሰው የነበረውን ነው።

ጎረቤታችን ሲኒያቸውን ይዘው ሦስቱን ቁጥሮች ደጋግመው አዩ። «የእናትሽም በ16 ቀን ሩቡ ይቀራል ማለት ነዋ?»

አዎ፣ በ24 ቀን ደግሞ ስምንተኛው። ይህ አዮዲኑ ጠርሙስ ውስጥ ቢቀመጥ ነው። ከሰው ገላ በሽንትም ስለሚወጣ ከዚህ ይፈጥናል። ሕፃኑን መቼ ትቀፈው የሚለውን ግን በዚህ ስሌት አልወሰንኩም፤ ሐኪሙ የሰጣትን ቀን ነው የቆጠርነው።