የመጀመሪያ ቀን ቦልደሪንግ፦ ከመውጣት በፊት መውደቅን መማር

ቦልደሪንግ ያለ ገመድ ግድግዳ የመውጣት ስፖርት ነው። ጂም ውስጥ የሚገኘው ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 4.5 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከሥሩ ዳር እስከ ዳር ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። ገመድ የሚይዝላችሁ ሰው ስለማያስፈልግ ብቻችሁንም መሄድ ትችላላችሁ። እኔ ሦስተኛ ቀኔ ላይ ከወገቤ ብዙም ከማይበልጥ ከፍታ ወድቄ የቀኝ እጄን አንጓ ሰብሬ ስድስት ሳምንት በጄሶ ከርሜያለሁ። ስለዚህ ስለ አወጣጥ ከምነግራችሁ ስለ አወዳደቅ የምነግራችሁ ይበልጣል።

1. ከቤት ስትወጡ

እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ሱሪ፣ ቲሸርትና ውሃ ይበቃል። የእጅ ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቀለበት አውልቁ፤ ቀለበቱ ግድግዳው ላይ የተተከለ መያዣ ላይ ተጠምዶ ሰውነት ወደ ታች ሲወርድ የጣት ቆዳ ከነሥጋው ሊገፈፍ ይችላል። «ጠቦኝ አይወልቅም» የምትሉ ከሆነ ቤት ሳላችሁ በሳሙና አውልቁት እንጂ አድርጋችሁት አትውጡ። ኪሳችሁ ውስጥም ቁልፍ አይኑር።

2. መመዝገብ፣ ጫማና ቾክ

አዲስ ገቢ የኃላፊነት ቅጽ ይሞላል፤ አንብባችሁ ፈርሙ። የመውጫ ጫማ አትግዙ፣ ተከራዩ። የእግር ጣቶቻችሁ የጫማውን ጫፍ ይንኩ፣ ግን አይመማችሁ። «ጫማ ካላሳመመ አይሠራም» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ እግሩ የታመመበት ጀማሪ ሐሳቡ ሁሉ ጫማው ላይ ነው፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያይም። በዚሁ ጫማ መጸዳጃ ቤት አትግቡ፤ እናንተ የረገጣችሁትን ሌላው በእጁ ይይዘዋል።

ቾክ የሚባለው ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ካርቦኔት ሲሆን የእጅን ላብ ያደርቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጆን ጊል የተባለ አሜሪካዊ ከጂምናስቲክ አምጥቶ ለአለት መውጣት መጠቀም ጀመረ። ስስ ሽፋን ይበቃል፤ ሲበዛ መያዣውን ያንሸራትተዋል።

3. ሰውነታችሁን አሟሙቁ

አሥር ደቂቃ፣ በተለይ ትከሻና ጣት።

4. አወዳደቅ

ሰው ሲወድቅ እጁ ሳያዝዘው ወደ መሬት ይዘረጋል። ቦልደሪንግ ላይ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው፤ የመላ ሰውነት ክብደት በተዘረጋው ክንድ በኩል አንጓና ክርን ላይ ያርፋል። እኔም የተሰበርኩት እንዲህ ነው። ፍራሹ ወፍራም ነበር፣ ከፍታው ትንሽ ነበር፤ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ መደገፌ ብቻ በቃ። አስተማሪው የመጀመሪያው ቀን አወዳደቁን አሳይቶን ነበር። እኔ «ገብቶኛል» ብዬ ቆሜ ከማየት በቀር አልተለማመድኩትም። ጭንቅላቴ የያዘውን ሰውነቴ አልያዘውም ነበር።

ትክክለኛው አወዳደቅ እንዲህ ነው። ሁለቱ እግሮች በትከሻ ስፋት ተከፍተው እኩል ይረፉ። ጉልበት ይታጠፍ። ከዚያ ቁጢጥ እንደምትሉ ሆናችሁ በመቀመጫችሁ፣ ቀጥሎ በጀርባችሁ ወደ ኋላ ተንከባለሉ። እጆቻችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፤ አገጫችሁንም ወደ ደረት ሰብስቡ፣ አለዚያ ጭንቅላታችሁ ወደ ኋላ ይወረወራል። ቆማችሁ ለመቅረት አትታገሉ፤ መንከባለሉ ኃይሉን ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት ወስዶ ለሰፊው ጀርባ ያካፍለዋል።

አሁን ተለማመዱት። መጀመሪያ ፍራሹ ላይ ቆማችሁ ቁጢጥ በሉና አሥር ጊዜ ተንከባለሉ። ቀጥሎ እግራችሁ ከፍራሹ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ውጡና አውቃችሁ ልቀቁ። ከዚያ ትንሽ ከፍ በሉ። ሰው ያየኛል ብላችሁ አትተዉት፤ እኔ የተውኩት በዚሁ ሐፍረት ነው።

ጫፍ ከደረሳችሁ በኋላ ከላይ አትዝለሉ። ቀለማቸው ምንም ይሁን ምን ትልልቅ መያዣዎችን እየያዛችሁ ውረዱ፤ ዝቅ ካላችሁ በኋላ ልቀቁ። ፍራሹ ላይ የውሃ ዕቃ፣ ብሩሽ ወይም ስልክ አታስቀምጡ፣ እነሱ ላይ ያረፈ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል። ሰው በሚወጣበት ሥር አትለፉ፣ አትቀመጡም። የሚወድቅ ጓደኛችሁን ለመቀበል እጃችሁን ብትዘረጉ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

5. መስመሩን ማንበብ

አብዛኛው ጂም አንድን መስመር፣ ማለትም ከመነሻ እስከ መጨረሻ የሚወጣበትን መንገድ፣ በአንድ ቀለም መያዣዎች ይሠራል። መነሻው ምልክት አለው፤ ሁለት እጃችሁን እዚያ ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን ከፍራሹ አንሥታችሁ ትጀምራላችሁ። ያለቀው የመጨረሻውን መያዣ በሁለት እጅ ረግታችሁ ስትይዙት ነው። የመስመሩን አስቸጋሪነት አንዳንዱ ጂም ከቪ0 በሚጀምረው የአሜሪካ መለኪያ፣ አንዳንዱ በፈረንሳዩ የፎንቴንብሎ ደን በተሰየመው መለኪያ፣ ሌላው በራሱ የቀለም ደረጃ ይገልጻል። ቀለሙ ከጂም ጂም ስለሚለያይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እዩና ከታችኛው ጀምሩ።

6. መውጣት

እግራችሁ ይግፋ፣ እጃችሁ ሚዛን ይጠብቅ። ጀማሪ ሁሉ በክንዱ ይጎትታል፤ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ክንዱ ደንድኖ ጠርሙስ መክፈት ያቅተዋል። መርገጫውን በእግር መሐል ሳይሆን በአውራ ጣት በኩል ባለው ጫፍ ርገጡ፤ እግራችሁ እስኪያርፍ ድረስ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ስታርፉ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ተንጠልጠሉ፣ ዳሌያችሁን ወደ ግድግዳው አስጠጉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ያያችኋቸው ዝላዮች ለዛሬ ይቆዩ።

አንድ መስመር ሞክራችሁ ስትወድቁ ወዲያው አትመለሱ። ከፍራሹ ውረዱ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፉ፣ ተራ ለሚጠብቀው ቦታ ልቀቁ። የሌላውን አወጣጥ ማየትም ይጠቅማል፤ ሳይጠይቃችሁ ግን መፍትሔውን አትንገሩት፣ እንቆቅልሹን ራሱ መፍታት ይፈልግ ይሆናል።

7. መቼ ማቆም

ለመጀመሪያ ቀን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ የጣት ጅማት ግን ከእሱ በጣም ዘግይቶ ነው የሚለምደው። ጥግ ላይ የተሰቀሉትን ጣት ማጠንከሪያ ጣውላዎች ስለዚህ ለወራት አትንኳቸው፤ ጣት ላይ ስለታም ሕመም ከተሰማችሁም ያን ቀን አቁሙ። መያዣው ሲያንሸራትታችሁና እግራችሁን ሳታዩ መርገጥ ስትጀምሩ ደክማችኋል ማለት ነው። «አንድ የመጨረሻ» ሳትሉ ጫማውን አውልቁ፤ እኔ የወደቅኩት በዚያች የመጨረሻዋ ሙከራ ላይ ነበር።